አንኮር ወይስ ፕኖም ፔን? ጥንታዊውን መቅደስና ግርግር የበዛበትን ከተማ ስለ መምረጥ



እንደሚታወቀው ስለ ሩቅ አገር የሚያስተምር መምህር ዋና ችግሩ ጊዜ ነው። ለደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚደርሰው ድርሻ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ለሰሌዳ የሚሆነው ሥዕልም እንደዚያው ጥቂት ነው። ታዲያ ስለ ካምቦዲያ ለማስተማር የተነሳ እጩ መምህር የቱን ይለጥፍ? አምስት ማማ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አንኮር ዋትን? ወይስ ሞተር ብስክሌት እንደ ንብ የሚተምባትን ዋና ከተማ ፕኖም ፔንን?

ጥያቄው የመምህር ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስት ቀን ይዞ ወደዚያ አገር የሚሻገር መንገደኛም ይኸው ያስጨንቀዋል። ሁለቱ ቦታዎች በመኪና መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። አንዱን የያዘ ሌላውን ሊያጣ ይችላል። ብዙው ሰው «መቅደሱን ልይ እንጂ ከተማማ የትም አለ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የሞተ ድንጋይ ከማይ የሕያው ሰው ኑሮ ይሻለኛል» ብሎ ይከራከራል።

ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን የተዘነጋ ነገር ማስረዳት ነው። ባጭሩ፣ ያ መቅደስ የአንድ ታላቅ ከተማ ቅሪት ነው። ከተማውን ረስቶ ድንጋዩን ብቻ ማድነቅ ደግሞ በዚያው አገር፣ ሩቅ ባልሆነ ዘመን፣ ለብዙ ሰው ሕይወት መጥፋት ሰበብ ሆኗል። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ምን ይላል?

እስቲ ከስሙ እንጀምር። «አንኮር» የሚለው ቃል ምንጩ የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪት ሲሆን «ናጋራ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ከተማ ማለት ነው። «ዋት» ማለት ቤተ መቅደስ ወይም ገዳም ነው። እንግዲህ አንኮር ዋት ሲተረጎም «የከተማው መቅደስ» ይሆናል።

ፕኖም ፔን ደግሞ «የፔን ኮረብታ» ማለት ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ1372 ፔን የምትባል አንዲት ባልቴት ወንዝ ባመጣው ግንድ ውስጥ የቡድሃ ምስሎች አገኘች። ጎረቤቶቿን አስተባብራ አፈር አስቆልላ ኮረብታ አሠራች፤ በላዩም ለምስሎቹ መቅደስ አቆመች። ዋት ፕኖም የሚባለው ይህ መቅደስ በየዘመኑ እየታደሰ ዛሬም በከተማዋ ውስጥ ይገኛል። ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው።

ነገሩን ልብ በሉት። እኛ «መቅደስ» ብለን የምንሄድበት ቦታ ስሙ ከተማ ነው፤ «ከተማ» የምንላት ደግሞ በመቅደስ ኮረብታ ትጠራለች። የአገሩ ሰው ስም ሲያወጣ ሁለቱን አልነጣጠላቸውም። የነጣጠልናቸው እኛ ከውጭ የምናያቸው ነን።

ድንጋዩ ቀረ፣ እንጨቱ በሰበሰ

የክሜር ነገሥታት ታላቅ ዘመን መነሻው ብዙ ጊዜ 802 ተብሎ ይጻፋል። ዳግማዊ ጃያቫርማን በኩሌን ተራራ ላይ የነገሥታት የበላይ መሆኑን ያወጀበት ዓመት ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቀዳማዊ ያሾቫርማን መናገሻውን ወደ አንኮር አመጣ። ከዚያ በኋላ ለአጭር ጊዜ ከመቋረጡ በስተቀር እስከ አሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ድረስ አንኮር የመንግሥት መቀመጫ ሆና ቆየች።

አንኮር ዋትን ያሠራው ዳግማዊ ሱርያቫርማን ሲሆን ጊዜውም የአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። መጀመሪያ ለሂንዱዎች አምላክ ለቪሽኑ ቆመ፤ በኋላ የቡድሃ መቅደስ ሆነ። በዙሪያው የተቆፈረው ባለ ውኃ ጉድብ ወርዱ 190 ሜትር ያህል ነው፤ ጉድቡን በእግሩ ልዙር የሚል ሰው ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የመካከለኛው ማማ ከመሬት 65 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዩ ከኩሌን ተራራ ግርጌ እየተፈለጠ በቦይ የመጣ ነው።

በ1177 የቻም ሠራዊት አንኮርን ወርሮ ዘረፈ። ከዚያ በ1181 የነገሠው ሰባተኛው ጃያቫርማን አንኮር ቶም የተባለውን ባለ ቅጥር ከተማ አሠራ። የቅጥሩ እያንዳንዱ ጎን ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱም ስምንት ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ በትላልቅ የድንጋይ ፊቶች የታወቀው የባዮን መቅደስ ይገኛል።

አሁን አንድ የተማሪ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህን ሁሉ ድንጋይ የፈለጠው፣ የጎተተውና የጠረበው ሰው ማታ የት ነበር የሚያድረው? ሩዙንስ ማን፣ የት ያበስልለት ነበር? ቦታውን የሚጎበኝ ሰው መቅደስ በመቅደስ ላይ ያያል እንጂ አንድም መኖሪያ ቤት አያይም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን በድንጋይ የሚሠራው የአማልክት ቤት ነበር። ንጉሡ እንኳ የሚኖረው በእንጨት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የተራው ሰው ቤት በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። እንጨትና ሣር በዚያ ሙቀትና ዝናብ በሚበረታበት አገር ስንት ዓመት ይቆያል? በስብሶ አፈር ሆነ። ድንጋዩ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን የነበረም መሰለ።

ሆኖም ከተማው ምስክር አላጣም። በ1296 ከቻይና ንጉሠ ነገሥት መልእክተኞች ወደ አንኮር መጡ። ከነሱ ጋር የነበረው ጆ ዳጓን አንድ ዓመት ያህል ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። እሱ እንደሚለው ገበያውን የያዙት ሴቶች ናቸው። ገበያው ከማለዳ እስከ ቀትር ይውላል። ሱቅ የሚባል የለም፤ ሻጯ ሰሌን መሬት ላይ ዘርግታ ዕቃዋን ትደረድራለች፤ ለቦታውም ለሹማምንት ትከፍላለች። ተራው ሕዝብ ቤቱን በሣር እንጂ በሸክላ መክደን አይደፍርም ነበር። እንግዲህ ከማማው በታች ጉልት ነበረ፣ የቦታ ኪራይ ነበረ፣ የሀብታምና የድሃ ክዳን ልዩነት ነበረ ማለት ነው።

የባዮን ግድግዳዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በድንጋዩ ላይ ከተቀረጹት ሥዕሎች መካከል ገበያተኞች፣ ምግብ የሚያበስሉ ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ዶሮ የሚያዋጉ ሰዎች ይታያሉ። ታ ፕሮም በተባለው መቅደስ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ በቅጥሩ ውስጥ 12,640 ሰዎች ይኖሩ እንደነበር፣ መቅደሱንም የሚቀልቡና የሚያገለግሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ የመንደር ሰዎች እንደነበሩ ይቆጥራል። ያው ጽሑፍ በግዛቱ ውስጥ 102 የሕሙማን ማከሚያ ቤቶች እንደነበሩም ይናገራል።

የቅርብ ጊዜው ምስክር ግን ከሁሉ ይበልጣል። በ2012 ተመራማሪዎች ላይዳር የሚባል መሣሪያ በሄሊኮፕተር ጭነው በጫካው ላይ በረሩ። መሣሪያው የብርሃን ጨረር ወደ ታች ይለቅና በቅጠሎች መካከል አልፎ መሬት ነክቶ ሲመለስ ይለካል። ጫካው በካርታ ላይ «ተገፈፈ» ማለት ይቻላል። ከሥሩም ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ቦዮች፣ ኩሬዎችና ቤት የቆመባቸው የአፈር ክምሮች ብቅ አሉ። በአንኮር ዋት ቅጥር ውስጥ እንኳ ሰፈር ተገኘ። በ2021 የታተመ ጥናት በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በአንኮርና በአካባቢዋ ከ700,000 እስከ 900,000 የሚደርስ ሕዝብ ይኖር እንደነበር ገምቷል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሕዝብ የነበራቸው ከተሞች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንግዲህ «ከመቅደስና ከግርግር ከተማ የቱን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው ከሁለት ከተሞች አንዱን እየመረጠ ነው። የአንዷ ግርግር ዛሬም ይሰማል፤ የሌላዋ ግርግር ከእንጨቱ ጋር አብሮ በስብሷል።

አንድ ውኃ፣ ሁለት ከተማ

ለጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ትምህርት አይገኝም። በካምቦዲያ መካከል ቶንሌ ሳፕ የሚባል ሐይቅ አለ። ከሐይቁ የሚወጣው፣ በዚያው ስም የሚጠራው ወንዝ ፕኖም ፔን ላይ ከታላቁ ሜኮንግ ጋር ይገናኛል። በበጋ ወንዙ ከሐይቁ ወደ ሜኮንግ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ግን ሜኮንግ ሞልቶ ይገነፍልና የትንሹን ወንዝ ውኃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ወንዙ ዞሮ ወደ ሐይቁ ይፈሳል! ከሰኔ ግድም ጀምሮ ለጥቂት ወራት እንዲህ ይቆያል። ሐይቁ በበጋ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው በክረምት ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ውኃ የዋጠው ጫካ የዓሣ መራቢያ ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ ወንዙ እንደገና አቅጣጫውን ይቀይራል። በኅዳር ወር ፕኖም ፔን ላይ በጀልባ እሽቅድምድም የሚከበረው የውኃ በዓል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አንኮር የተቆረቆረችው ከሐይቁ ሰሜን ነው። ዓሣው ከሐይቁ፣ ሩዙ ከዙሪያው ሜዳ ነበር። ነገሥታቱ የክረምቱን ውኃ ለማጠራቀም «ባራይ» የሚባሉ ግዙፍ ማጠራቀሚያዎች አሠርተዋል። የምዕራቡ ባራይ ርዝመቱ 8፣ ወርዱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዛሬም ውኃ ይይዛል። የምሥራቁ ግን ደርቋል።

የአንኮርም መድከም ከውኃ ጋር የተሳሰረ ነው። በ2010 የታተመ ጥናት የቬትናምን ደጋ ዛፎች የዕድገት ቀለበት መርምሮ በአሥራ አራተኛውና በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከባድ ድርቆች መድረሳቸውን፣ በመካከላቸውም ኃይለኛ ዝናብ መጣሉን አሳይቷል። ለድርቅ ተብሎ የተሠራ ቦይ ድንገተኛ ጎርፍ ሲመጣበት ይፈርሳል፤ ለጎርፍ የተሠራው ደግሞ በድርቅ ጊዜ ባዶውን ይቀራል። በዚህ ላይ የጎረቤት መንግሥት የአዩትያ ጦርነት ተጨመረ፤ በ1431 ከተማዋ ተያዘች። ሆኖም አንኮር ባንድ ጀንበር ጠፍ አልሆነችም። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ አዘነበለ፤ አንኮር ዋትም መነኮሳት አጥቶ አያውቅም። በ1860 ቦታውን የጎበኘው ፈረንሳዊ ሄንሪ ሙኦ «አገኘው» የሚባለው ነገር እንግዲህ ለአውሮፓ አንባቢ እንጂ ለክሜር ገበሬ የሚሠራ አይደለም።

ሕዝቡ ያዘነበለው ወዴት ነው? ወንዞቹ ወደሚገናኙበት፣ የባሕር ንግድ ወደሚደርስበት ወደ ፕኖም ፔን አካባቢ ነው። ከተማዋ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የነገሥታት መቀመጫ ሆነች፤ ከዚያ በኋላ መናገሻው ብዙ ጊዜ ተዘዋወረ። በ1866 ንጉሥ ኖሮዶም ቋሚ መቀመጫ አደረጋት። በ1937 ባለ ትልቅ ጉልላቱ ማዕከላዊ ገበያ ተከፈተ። አገሪቱ በ1953 ነጻ ከወጣች በኋላም ቫን ሞሊቫን የተባለው የአገሩ አርክቴክት የነጻነት ሐውልቱንና በ1964 የተመረቀውን ታላቁን ስታዲየም ነደፈ። ከነዚህ ሥራዎች ጥቂቱን ያየ ሰው አዲሲቱ ከተማ ከአንኮር ጋር ዝምድና እንዳላት ይገነዘባል። ሞሊቫን በስታዲየሙ ዙሪያ የዝናብ ውኃ የሚይዙ ኩሬዎች ማስቆፈሩ የድሮዎቹን ጉድቦች ያስታውሳል።

ሚያዝያ 1975፦ ምርጫው በጠመንጃ ሲሆን

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለጨዋታ ያህል ሊመስል ይችላል። አይደለም። በዚያ አገር በመቅደስና በከተማ መካከል በጠመንጃ ኃይል የመረጡ ሰዎች ነበሩ።

ሚያዝያ 17 ቀን 1975 ክሜር ሩዥ የተባለው የፖል ፖት ጦር ፕኖም ፔን ገባ። ከተማዋ በእርስ በርስ ጦርነቱና በአሜሪካ የቦምብ ድብደባ ከገጠር በተሰደደ ሕዝብ ተጨናንቃ ነበር፤ ቁጥሩ ወደ 2 ሚሊዮን ይገመታል። ወታደሮቹ «አሜሪካኖች ሊደበድቡ ነው፤ ለሦስት ቀን ብቻ ውጡ» እያሉ ሕዝቡን አስወጡት። ሐኪም ቤት የተኙ በሽተኞች ሳይቀሩ ከነአልጋቸው ተገፉ። ሦስቱ ቀን ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ገንዘብ ተሻረ፣ ገበያ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የከተማ ሰው «አዲስ ሕዝብ» የሚል ስም ወጥቶለት በተጠርጣሪነት ይታይ ጀመር።

የአዲሱ መንግሥት ባንዲራ ቀይ ሲሆን በመካከሉ ባለ ሦስት ማማ ቢጫ መቅደስ ነበረበት፤ አንኮር መሆኑ ነው። መሪዎቹ የአንኮርን ክብር እየጠቀሱ፣ በቦይና በግድብ አገሩን እንደገና እናስነሳለን ይሉ ነበር። በ1976 ያወጡት ዕቅድ ከአንድ ሄክታር 3 ቶን ሩዝ እንዲታፈስ ያዝዛል። ምድሩ ያንን አልሰጠም። የበታች ኃላፊ ፈርቶ «ተገኝቷል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ሩዙ ይጫናል፤ ያመረተው ሰው ይራባል። በ1979 ጥር ላይ የቬትናም ጦርና የካምቦዲያ አጋሮቹ ፕኖም ፔንን ሲይዙ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረሃብ፣ በበሽታ፣ በሥራ ብዛትና በግድያ አልቆ ነበር። ከአገሩ ሕዝብ አንድ አራተኛ ገደማ ማለት ነው።

የአንኮር ድንጋይ በዚህ ጥፋት የለበትም። ዛሬም በአገሪቱ ባንዲራ ላይ አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው። ጥፋቱ የአስተያየቱ ነው። ሰዎቹ ግድቡንና ማማውን አዩ። ሰሌን ዘርግታ የምትሸጠውን ሴት፣ የቻይናውን ነጋዴ፣ ጸሐፊውን፣ ሐኪሙን ግን አላዩም። አንኮርን አንኮር ያደረጋት ገበያና ከተማ መሆኗ ተረስቶ፣ ገበያና ከተማ በአንኮር ስም ፈረሰ።

ይህ ጉዳይ እኛን ለምን ይነካል?

በፕኖም ፔን ቱኦል ስሌንግ የሚባል ቦታ አለ። እስከ 1975 ድረስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ክሜር ሩዦች «ኤስ 21» የተባለ እስር ቤት አደረጉት። የመማሪያ ክፍሎቹ በጡብና በሳንቃ ተሸንሽነው አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ ጠባብ ክፍሎች ሆኑ። ተማሪዎች ስፖርት ይሠሩበት የነበረው ከፍ ያለ አግዳሚ እንጨት ሰው የሚሰቀልበትና የሚሰቃይበት ሆነ። በኋላ ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ካረጋገጠው ብቻ እንኳ ከ12,000 በላይ ሰዎች እዚያ ገብተው አልቀዋል፤ በሕይወት የተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

የእስር ቤቱ አዛዥ ማን ነበር? ዱች በሚል ስም የሚታወቀው ካይንግ ጌክ ኢቭ የሒሳብ መምህር ነበር። የበላዩ ሶን ሴን ቀደም ሲል በፕኖም ፔን የመምህራን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የትምህርት ኃላፊ ነበር። ፖል ፖት ራሱ በግል ትምህርት ቤት ታሪክና የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አስተምሯል። በመምህራን ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ ይህን ስንጽፍ አንባቢው ሊያልፈው አይገባም። የተገደሉት መምህራን ብዙ ናቸው፤ ከገዳዮቹ አለቆችም መካከል መምህራን ነበሩ። ጠመኔ መያዝ ብቻውን ማንንም ደግ አያደርግም።

ዱች በ2010 ተፈረደበት፤ በ2012 በይግባኝ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ሆነ፤ በ2020 ሞተ። ቱኦል ስሌንግ ከ1980 ጀምሮ ሙዚየም ነው። በ2025 ዩኔስኮ ቦታውን ከሌሎች ሁለት የጭፍጨፋ ቦታዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ አንኮር የተመዘገበው በ1992 ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ አሁን ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። በ1979 ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መጽሐፍ የለም፣ ሰሌዳ የለም፣ መምህር የለም። ብዙ የሚያውቅ ጥቂት ለሚያውቅ፣ ጥቂት የሚያውቅ ጭራሽ ለማያውቅ ያስተምር ተባለ። ለሥራው የተጠሩት ብዙዎቹ የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ብቻ ያገኙ ናቸው። ከተማዋ እንደገና ከተማ መሆን የጀመረችው በነሱ ጭምር ነው። ዛሬ ሕዝቧ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

ለመንገደኛው መልሳችን ይህ ነው። አንዱን ብቻ የማየት ዕድል ካለህ ወደ አንኮር ሂድ፤ ያንን ድንጋይ ሌላ ቦታ አታገኘውም። ከ2017 ወዲህ የመግቢያው ዋጋ ለውጭ አገር ሰው ለአንድ ቀን 37፣ ለሦስት ቀን 62፣ ለሰባት ቀን 72 ዶላር ነው። ነገር ግን ከአንኮር ዋት ማማ ሥር ፎቶግራፍ ተነስተህ አትመለስ። ወደ ባዮን ሄደህ በግድግዳው ላይ ገበያተኞቹን ፈልጋቸው፤ ወደ ምዕራቡ ባራይ ሄደህ ውኃውን እየው። ሦስት ቀን ካለህ አንዱን ለፕኖም ፔን ስጥ፤ ከተቻለ የመጀመሪያውን። በ1920 የተመረቀው ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ነው፤ የሰባተኛው ጃያቫርማን ነው የሚባለው በተመስጦ የተቀመጠ ሐውልት የሚገኘው በዚያ ነው። ከሙዚየሙ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ቱኦል ስሌንግ የሄደ ሰው አንኮርን በሌላ ዓይን ያያታል።

ለመምህሩ ግን መልሳችን ይገለበጣል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ካለ ከከተማው እንጀምር እንላለን። ዝግጅቱም በሦስት ደረጃ ሊሆን ይችላል።

አንደኛ፣ ሐይቁን፣ ወንዙንና ሜኮንግን በሰሌዳ ላይ መሣል ነው። የበጋውን ፍሰት በነጭ፣ የክረምቱን በቀለም ጠመኔ ቀስት ማሳየት ይበቃል። ተማሪው ራሱ «ከተማ የት ላይ ይቆርቆር?» ተብሎ ይጠየቅ። ብዙውን ጊዜ ወይ ፕኖም ፔን ላይ ወይ አንኮር ላይ ጣቱን ያሳርፋል።

ሁለተኛ፣ የመቅደሱን ሥዕል ማሳየትና «ሠራተኞቹ የት ያድሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ቶሎ መንገር አያስፈልግም። ስለ ሣር ክዳን ከኛ ይልቅ የገጠር ልጅ ያውቃል። ይህ ጥያቄ ለአገራችንም ይሠራል። የአክሱምን ሐውልቶች ስናስተምር ቁመታቸውን አስቆጥረን እናልፋለን፤ ጠራቢው የት ይኖር እንደነበር ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ሦስተኛ፣ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የ1975ን ነገር ሳይሸሹ መናገር ነው። ዕድሜያቸውን አይቶ፣ አሰቃቂውን ሳያበዙ፣ ከተማን እንደ በሽታ የቆጠረ አስተሳሰብ ወዴት እንዳደረሰ ማስረዳት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለንም ሁለት ነገር እንጨምር። በፕኖም ፔን ቦኡንግ ካክ የተባለው ሐይቅ ከ2008 ጀምሮ ለሕንፃ ግንባታ ተብሎ በአሸዋ ሲደፈን በዙሪያው ይኖሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቦታቸውን ለቀዋል። በአንኮርም መንግሥት ከ2022 ወዲህ በቅርሱ ክልል የሚኖሩ ወደ 10,000 ቤተሰቦችን ሩን ታ ኤክ ወደተባለ ሰፈር ለማዛወር ተነስቷል። መንግሥት «በፈቃዳቸው ነው» ይላል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2023 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ «ማፈናቀል ነው» ብሎታል። በአንድ በኩል ለከተማው ዕድገት፣ በሌላ በኩል ለመቅደሱ ክብር ተብሎ የሚነሳው ያው በእንጨት ቤት የሚኖረው ሰው ነው። ቅርስ መጠበቅ አለበት፤ ከተማም ማደግ አለበት፤ ያ ሰው ግን በሁለቱም ሒሳብ ውስጥ መቆጠር አለበት።

ስለዚህ እጩ መምህራን ሆይ፣ በማስተማር ልምምድ ላይ የትኛውንም ሥዕል ለጥፉ፤ አንጣላም። ሥዕሉን ከመንቀላችሁ በፊት ግን «እዚህ ማን ይኖር ነበር? አሁንስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ሰልጣኞችም ሆናችሁ መምህራን ጽሑፋችሁን ብታመጡልን በሚቀጥለው ዕትም ከዚሁ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን።